«ብረት አለ» የሚለው ማሽንና የሠሩት መሐንዲሶች

(አዲ አርቃይ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ዲስኩር)



የሳይንስ ክበቡ ወጣቶች «ስለ ኤሌክትሮኒክስ አንድ ዲስኩር ያድርጉልን» ብለው ሲጋብዙኝ የርዕሱን ምርጫ ለእኔ ተዉልኝ። ስለ ስልክ ወይም ስለ ኮምፒውተር መናገር ይቻል ነበር። እኔ የመረጥኩት ግን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ ስለ ውስጡ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳችሁ የሌለውን ዕቃ ነው። እጀታ፣ ባትሪ፣ ማዳመጫና ክብ ሳህን አለው፤ መሬቱን እየዳሰሰ ይሄዳል። ስሙ ዲቴክተር ነው፤ ወርቅ ፈላጊ ልጆቻችን በአጭሩ «ማሽን» ይሉታል። ወደ ተከዜ ማዶም ሆነ ወደ ቤኒሻንጉል ወርቅ ፍለጋ የወረደ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ስም ሰምቶታል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፤ ቀጥሎ እነማን እንደሠሩትና ምን እንዳስቸገራቸው፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ለአዲ አርቃይ ምን እንደሆነ። በሦስቱም ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሜ እላለሁ፦ ማሽኑ «ብረት አለ» ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። «ብረት» ስል ወርቁንም፣ ብሩንም፣ መዳቡንም ጠቅልዬ ነው። ማረሻና ምስማር የሚሠራበትን ለይቼ መጥራት ስፈልግ «ጥቁር ብረት» እላለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችንን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። በክቡ ሳህን ውስጥ ያለው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። በዚያ ሽቦ ውስጥ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ኤሌክትሪኩ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፤ ኃይሉም አፈሩን ዘልቆ ይገባል። ከሥር ብረት ካለ፣ በብረቱ ገላ ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪቶች ይነሣሉ። እነዚህ ሽክርክሪቶች በተራቸው ደካማ የማግኔት ኃይል ይፈጥራሉ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሌላ ጥቅል ሽቦ ይህን ደካማ ምላሽ ይቀበላል፤ ማሽኑም አጉልቶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ተማሪዎች፣ ይህን ሕግ በፊዚክስ መጽሐፋችሁ በማይክል ፋራዴይ ስም ታውቁታላችሁ፤ በ1831 ያገኘው ነው።

ልብ በሉልኝ። በዚህ ሁሉ ሂደት ማሽኑ ወርቁን አላየውም፣ አልነካውም። የደረሰው የኤሌክትሪክ ምላሽ ብቻ ነው። ወርቅ ይመልሳል፤ ቆርኪም ይመልሳል፤ ቀለህም ይመልሳል። «ብረት አለ» ከሚለው ድምፅ ተነሥቶ «ይህ ወርቅ ነው፣ ያኛው ቆሻሻ ነው» ወደሚለው ፍርድ መድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው። የማሽኑ ታሪክ የዚህ የሁለተኛው ሥራ ታሪክ ነው፤ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስከ ዛሬም አላለቀም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንሂድ። የመጀመሪያው ስልክን በመሥራት የምታውቁት አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። በሐምሌ 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። ኤክስሬይ ገና አልተገኘም ነበር። ቤል፣ ዴቪድ ሂዩዝ የተባለ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የሠራውን መሣሪያ መነሻ አድርጎ፣ ጥይት የሚፈልግ መሣሪያ በጥድፊያ ሠራ። መሣሪያው በሙከራ ላይ በትክክል ሠርቷል። ፕሬዚዳንቱ አልጋ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተዘበራረቀ። ፍራሹ ውስጥ የብረት ሞላዎች ነበሩበት። ከዚህም በላይ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ ቤል በቀኝ በኩል ብቻ እንዲፈልግ ፈቀዱለት፤ ጥይቱ የነበረው በግራ ነው። ጋርፊልድ በመስከረም አረፉ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የቤል ውድቀት ተደርጎ ይነገራል። እኔ እንዲያ አላየውም። መሣሪያው እውነቱን ተናግሯል፤ በዚያ አልጋ ላይ ብረት ነበር። የትኛው ብረት እንደሆነ ሊናገር የሚችልበት መንገድ ግን አልነበረውም።

ሁለተኛው ሰው ጌርሃርድ ፊሸር ነው። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ የሬዲዮ መሐንዲስ ነበር። አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውን በሬዲዮ እንዲያውቁ የሚረዳ መሣሪያ ላይ ሲሠራ፣ አብራሪዎቹ በአንዳንድ ቦታ ላይ ሲያልፉ መሣሪያው እንደሚሳሳት ነገሩት። ስሕተቱ የሚፈጠረው ከሥር ብረት ወይም ብረት አዘል ማዕድን ባለበት ነበር። ሌላው ይህን እንከን ብሎ ሊያስወግደው ይሞክር ነበር፤ ፊሸር ግን ስሕተቱን ራሱን ሥራ ላይ አዋለው። በ1931 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ድርጅቱን መሠረተ፤ በ1937 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። ለሰላማዊ ሰው የተሸጠው ማሽን ዘር የሚቆጠረው ከዚያ ጋራዥ ነው።

ሦስተኛው ሰው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ አዳራሽ በደንብ ሊታወቅ የሚገባው እሱ ስለሆነ።

ወደ 1941 ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር እዚሁ ከበላያችን ወልቅፊትን ከበው ነበር። የጣሊያኑ ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም መጨረሻ ነው። በኅዳር መጨረሻ ጎንደር ነፃ ወጣች። ከጎንደር በስተደቡብ ቁልቋል በር ላይ ጦሩን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ የተቀበረ ፈንጂ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈንጂ የሚፈለገው ተንበርክኮ በሳንጃ መሬቱን ቀስ እያሉ በመውጋት ነው።

በዚያው ዓመት ስኮትላንድ ውስጥ አንድ የፖላንድ መኮንን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ይሠራ ነበር። ስሙ ዩዜፍ ኮሳትስኪ ይባላል። አገሩ በጀርመን ተይዛለች፤ ቤተሰቡ እዚያው ቀርቷል። እንግሊዞች አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሲፈልጉ የእሱ ሥራ ተመረጠ። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጥቅል ሽቦ ያለበት ሳህን፣ ከጀርባ የሚታዘል ባትሪና ሳጥን፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ፤ ክብደቱ አሥራ አራት ኪሎ አይሞላም። የዛሬውን ማሽን ቅርጽ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ ቅርጹ ያው ነውና።

በጥቅምት 1942 ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ ታላቅ ውጊያ ሲጀመር፣ በሁለቱ ጦሮች መካከል ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ፈንጂ ተቀብሮ ነበር። አምስት መቶ ያህል የኮሳትስኪ ማሽኖች ወደዚያ ተልከዋል። በሰዓት መቶ ካሬ ሜትር ያጸዱ የነበሩ ወታደሮች ሁለት መቶ ማጽዳት ቻሉ። የስንት ሰው እግር እንደተረፈ ከዚህ አስቡት። ኮሳትስኪ ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት አላስመዘገበም፤ ለእንግሊዝ ጦር በነፃ ሰጠ። ከንጉሡ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። ጠላት ቤተሰቡን እንዳይበቀል ስሙ በጦርነቱ ጊዜ ተሰውሮ ቆየ። ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው ሳያውቀው ኖሮ በ1990 አረፈ። በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ሰው የለም።

የጀርመን መሐንዲሶችም ዝም አላሉም። ማሽኑ ብረት የሚሰማ ከሆነ ብረት የሌለው ፈንጂ እንሥራ አሉ። ሳጥኑ ከእንጨት የሆነ ፈንጂ፣ ቀጥሎም ገላው ከብርጭቆ የሆነ ፈንጂ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በፕላስቲክ የተሠራና ውስጡ ጥቂት ግራም ብረት ብቻ ያለው ፈንጂ በዓለም ተሰራጨ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የፈንጂ መፈለጊያዎቹ በርካሽ ለሕዝብ ተሸጡ። የጠፋ ሳንቲምና ቀለበት በትርፍ ጊዜያቸው የሚፈልጉ ሰዎች ገዟቸው፤ ክብደታቸውን ግን አልቻሉትም። በ1950 ኬኔት ዋይት ኦሪገን ውስጥ፣ በ1964 ደግሞ ቻርልስ ጋሬት ቴክሳስ ውስጥ ቀለል ያለ ማሽን የሚሠሩ ድርጅቶችን አቋቋሙ። አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የምናልፍባቸው የጋሬት መፈተሻዎች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ነው ከባዱ ችግር የመጣው። እናንተ ደግሞ በዚህ ችግር ላይ ቤት ሠርታችሁ የምትኖሩ ሰዎች ናችሁ፤ ችግሩ መሬቱ ራሱ ነው።

ከበላያችን ያለው የስሜን ተራራ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቀልጦ የረጋ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ነው ያ ሁሉ ገደል የቆመው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ማግኔት የሚስበው የጥቁር ብረት ማዕድን አለ። ዝናብ ሸርሽሮ ሲያወርደው ደግሞ አፈሩ ያንኑ ይዞ ይወርዳል። ከሊማሊሞ ግርጌ ወንዝ ዳር ማግኔት አሸዋው ውስጥ አስገብቶ ያወጣ ተማሪ ጥቁር ዱቄት ተጣብቆበት ያያል። እንግዲህ ማሽኑን በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ስታንቀሳቅሱት መሬቱ ራሱ ይጮኻል። ከእርሱ ጩኸት ውስጥ የአንዲት የወርቅ ፍሬን ድምፅ መለየት ነው ሥራው።

መልሱ ሁለት መንገድ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን መንገድ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከጠረጉት ሰዎች ዋነኛው ጆርጅ ፔይን ነው፤ በበርካታ ድርጅቶች ውስጥ የሠራ መሐንዲስ። የመሬቱ ምላሽ፣ የጥቁር ብረት ምላሽና የመዳብ ወይም የብር ምላሽ ወደ ማሽኑ የሚመለሱት ትንሽ በተለያየ ሰዓት ነው፤ የጊዜው ልዩነት ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች አይበልጥም። ይህን ልዩነት መለካት ከተቻለ የመሬቱን ድምፅ ማጥፋት ይቻላል። የጥቁር ብረትንም ማጥፋት ይቻላል። በመጨረሻም ማሽኑ በመስኮቱ ላይ «ይህ ሳንቲም ይመስላል» ብሎ ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ዴቭ ጆንሰን የተባለው ሌላው መሐንዲስ ደግሞ ለትንንሽ የወርቅ ፍሬ በሰከንድ 71 ሺህ ጊዜ የሚቀያየር ማሽን ለፊሸር ድርጅት ነደፈ፤ ትንሽ ፍሬ በፈጣን መቀያየር የተሻለ ይመልሳልና።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን እናስብ። ማሽኑ የሚለየው የብረቱን ዓይነት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያስተላልፍ፣ ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ እንዴት እንደተጋደመ ነው። ጠገራ ብር ሰፊና ወፍራም ስለሆነ ጎላ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ትንሽ የወርቅ ፍሬ ግን ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ቀጭን ወረቀት መሰል አሉሚኒየም ጋር አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃል። የናስ ቀለህ በመካከል ይገባል። ቁጥሩ ግምት ነው። ሠሪዎቹም በመመሪያቸው ይህንኑ ይጽፋሉ።

ሁለተኛው መንገድ የተወለደው በአርኪዮሎጂ አካባቢ ነው። ኤሪክ ፎስተር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ እንግሊዛዊ ነበር። የእርሱ ዓይነት ማሽን ሳያቋርጥ አይናገርም። ለቅጽበት ጠንካራ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ድርግም ያደርገዋል፣ ከዚያ ያዳምጣል። ሊማሊሞ ጠርዝ ላይ ቆሞ የገደል ማሚቶ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ጮኾ ዝም እንደሚል ማለት ነው። የአፈሩ ምላሽ ቶሎ ይሞታል፤ የብረቱ ጥቂት ይቆያል። ስለዚህ እንደኛ ባለ መሬት ላይ ይህ መንገድ ብርቱ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ጥቁር ብረትን ከወርቅ በመለየት ደካማ ነው። ሁሉንም ቆፍሩ ይላችኋል።

ይህን መንገድ ወደ ወርቅ ሜዳ ያወረደው አውስትራሊያዊው ብሩስ ካንዲ ነው። በ1985 አደላይድ ከተማ በተቋቋመው ማይንላብ ድርጅት ውስጥ ሠራ። የአውስትራሊያ ቀይ አፈርም እንደኛው ብረት የበዛበት ነው። ካንዲ አንድ ርዝመት ያለው ምት ብቻ መላክን ትቶ ረጅምና አጭር ምቶችን እያቀያየረ መላክ ጀመረ፤ ሁለቱን አወዳድሮ የመሬቱን ድምፅ ከብረቱ ይነጥላል። በ1995 የወጣው ማሽኑ ሌሎች ፈላጊዎች ጨርሰናል ብለው በተዉት ሜዳ ላይ ወርቅ አወጣ። ልጆቻችን በስም የሚጠሩት ጂፒኤክስ 5000 በ2010 የመጣው ከዚሁ ዘር ነው። በሱዳን የወርቅ ግርግር ጊዜ በብዛት ተሸጠ፤ ከዚያም ወደ እኛ ወረደ። አስመስለው የሠሩትም አልቀሩም። የማይንላብ ባለቤት ኮዳን፣ የአንድ ሠራተኛው ኮምፒውተር ቻይና ውስጥ እንደተጠለፈና የማሽኑ ንድፍ እንደተሰረቀ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። አፍሪካ ውስጥ የሐሰት ማሽን ገበያውን ሲሞላው ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ያ የካንዲ ድርጅት ዛሬም ለፈንጂ አምካኞች የሚሆን ማሽን ይሠራል። የኮሳትስኪ ሥራና የወርቅ ፍለጋው በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

አሁን ወደ አዲ አርቃይ መጣሁ።

በዚህ መሬት ላይ ሁለት ጦርነት አልፏል ብል አሳንሼ ነው። የጣሊያኑን አባቶች ነግረውናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየውን የሰሜኑን ጦርነት ደግሞ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው እዚሁ ከተማ ደርሷል። ምሽግ የተቆፈረበትን ኮረብታ፣ ከባድ መሣሪያ የተተከለበትን ሜዳ ከእኔ የበለጠ እናንተ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በዚህ አፈር ውስጥ ቀለህ አለ፣ ፍንጣሪ አለ፣ ያልፈነዳ ተተኳሽም ሊኖር ይችላል።

አንድ ወጣት ማሽን ይዞ እዚያ ኮረብታ ላይ ወጣ እንበል። ማሽኑ ጮኸ። ምን አለው? «ብረት አለ» አለው። ወርቅ ነው አላለውም። አደጋ የለውም አላለውም። ይህን መናገር አይችልም፤ ፔይንም ካንዲም እንዲናገር አላደረጉትም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ይኸውላችሁ። የትርፍ ጊዜ ማሽኖች ታላቁ ስኬት ጥቁር ብረትን ዝም ማሰኘት ነው። ሳንቲም ፈላጊ ምስማር እየቆፈረ እንዳይደክም ታስቦ የተሠራ ነው። የመድፍና የሞርታር ጥይት ገላ ግን ከምን ይሠራል? ከጥቁር ብረት! ማሽኑ ጥቁር ብረትን እንዲያጠፋ ተደርጎ ከተስተካከለ ከእግራችሁ ሥር ያለው አደጋ ድምፅ ላይሰጥ ይችላል። የፕላስቲክ ፈንጂ ደግሞ ቀድሞ እንዳልኩት ጥቂት ግራም ብረት ብቻ ይዞ ይተኛል። ስለዚህ «ማሽኔ ካልጮኸ ቦታው ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ካለ አጥብቃችሁ ተቃወሙት። ፈንጂ አምካኝ ሌላ ዓይነት ማሽን፣ ሌላ ሥልጠና፣ ሌላ ሥርዓት አለው፤ አንዲት ስንዝር መሬት ሳይዘል ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ያለነው ጎንደርን ከአክሱም በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። ከእኛ ወዲያ የዋልድባ ገዳም አለ። «ጣሊያን ቀብሮት የሄደ ወርቅ» የሚባል ወሬም በየቀየው ይሰማል። በዚህ ወሬ ተነሥቶ የአብያተ ክርስቲያናትን ግቢና የቆየ ፍርስራሽ የሚቆፍር ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ነው፤ የሚያጠፋው ግን አይተካም። አንድ የአክሱም ሳንቲም ዋጋው የሚታወቀው ከነተቀበረበት አፈር፣ አጠገቡ ካለው ሸክላ ጋር ሲገኝ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ወርቅ ማምረትም በማዕድን አዋጁ መሠረት የክልሉን ፈቃድ ይጠይቃል። ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ያዋጣችሁ ወጣቶች መጀመሪያ የወረዳውን ማዕድን ጽሕፈት ቤት በር አንኳኩ።

ለሳይንስ ክበቡ አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን ማሽን ሥሩት። የቀድሞዎቹ የትርፍ ጊዜ ማሽኖች የቆሙበት አሠራር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም፤ ሁለት ኦሲሌተር፣ ማለትም የሚቀያየር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዑደት፣ ያስፈልጋል፣ አንደኛው ከጥቅል ሽቦ ጋር ይያያዛል፣ የሁለቱ ልዩነት ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ከተበላሸ ሬዲዮ ጥቂት ትራንዚስተርና ኮንደንሰር፣ ከተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦ ይገኛል። መምህሩ ባሉበት፣ ክፍል ውስጥ በአሸዋ በተሞላ ሳጥን ላይ ሞክሩት። ቆርኪ፣ ቁልፍና ሳንቲም ቅበሩ፤ በድምፁ ብቻ ለመለየት ሞክሩ። ከዚያ ከወንዝ ዳር ያመጣችሁትን ጥቁር አሸዋ ጨምሩና ምን እንደሚሆን አዳምጡ። ማሽኑ የማያውቀውን በገዛ ጆሯችሁ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ያለፈ ደግሞ የካንዲን መንገድ ይከተል፤ አፈራችን ገና ያልተፈታ ጥያቄ አለበትና መፍትሔው ከአደላይድ ብቻ መምጣት የለበትም።

ለወላጆችና ለእረኞች ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። የማታውቁት የብረት ዕቃ ሜዳ ላይ ወይም ማረሻ ሥር ብታገኙ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ እሳት አታቅርቡበት። ለቁራሌ እሸጠዋለሁ ብላችሁ አትፍቱት። ወደ እርሱ ሳትጠጉ ከርቀት ምልክት አድርጉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ልጆችንና ከብቶችን አርቁ፤ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ያኔውኑ ንገሩ። ማሽን ያላችሁም፣ ውጊያ የነበረበትን ቦታ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ሳትጠይቁ ሳህኑን መሬት ላይ አታሳርፉ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከወርቅ ሜዳ የመጣችሁ ልጆች ቅድሚያ ይኑራችሁ።